ከዩኒቨርሲቲ በፊት የክትባት ካርዳችሁን አውጡና ቀን ቁጠሩ

ትምህርት ሊጀመር ሦስት ሳምንት ሲቀረው ኮርስ ልመዘገብ ፖርታሉን ከፈትኩ። ገጹ ላይ በቀይ የተጻፈ አንድ መልእክት ብቻ ነበር። «ምዝገባዎ ታግዷል። የጤና ቅጽዎ አልተሟላም።»

ወሽመጤ ቁርጥ አለ። ቅጹን ከወር በፊት ሞልቼ ልኬያለሁ። የመግቢያ ደብዳቤው በእጄ ነው። ዶርም ተመድቦልኛል። ታዲያ ምን ቀረ?

ያን ቀንና ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት የደረሰብኝን፣ የተማርኩትንም ልንገራችሁ። ዩኒቨርሲቲ፣ በተለይ ውጭ አገር፣ ልትገቡ ከሆነ፣ ወይም ልጃችሁን፣ እህት ወንድማችሁን እያዘጋጃችሁ ከሆነ፣ ይህን አንብባችሁ ካርዱን ዛሬውኑ ብታወጡት ደስ ይለኛል። የየትምህርት ቤቱ መስፈርት ይለያያል። የእናንተን ከራሱ ከትምህርት ቤቱ አረጋግጡ። እኔ የምነግራችሁ ብዙ ቅጾች ላይ የሚገኘውን ነው።

የተማሪዎች ጤና ማዕከል ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ነርስ ፋይሌን አየችና «የኩፍኝ ክትባትሽ አልተቆጠረም» አለችኝ።

«እንዴት? ካርዱ ላይ አለ እኮ!»

«አለ። ግን የወሰድሽው በ9 ወርሽ ነው።»

ካርዱን ከፖስታው አወጣሁት። እማዬ ከልደት ምስክር ወረቀቴ ጋር በላስቲክ ጠቅልላ ያስቀመጠችው ነው። እጥፋቱ ላይ ተቀዶ በፕላስተር ተያይዟል። የእስክሪብቶው ቀለም ደብዝዟል። ኩፍኝ በሚለው መስመር ላይ አንድ ቀን፣ አንድ ፊርማና ግማሹ የጠፋ ማኅተም አለ። ከልደት ቀኔ ጋር አሰላሁት። ልክ 9 ወር። ቀጥሎ ያለው ሳጥን ባዶ ነው።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ክትባት ክትባት ነው፣ ምን ልዩነት አለው ብዬ። ነርሷ አልተሰላቸችም። ረጋ ብላ አስረዳችኝ። ሕፃን ሲወለድ ከእናቱ የወረሰው መከላከያ በደሙ ውስጥ አለ። ይሄ መከላከያ ለተወሰኑ ወራት ይጠብቀዋል። ክትባቱ በዚያ ጊዜ ሲሰጥ ግን የእናትየው መከላከያ ክትባቱን ሊያዳክመው ይችላል። ከአንድ ዓመት በኋላ ሲሰጥ የበለጠ ይይዛል። ኩፍኝ በብዛት በሚዛመትባቸው አገሮች ደግሞ አንድ ዓመት እስኪሞላ መጠበቅ አደገኛ ነው። ሕፃኑ ከዚያ በፊት ሊታመም ይችላል። ስለዚህ በ9 ወር ይሰጥና በሁለተኛው ዓመቱ ይደገማል። እናቴም የከተበችኝ ነርስም የተሳሳቱት ነገር አልነበረም። የዩኒቨርሲቲው ቅጽ ግን የሚቆጥረው ከመጀመሪያው ልደት በኋላ የተሰጠውን ነው። እኔ ደግሞ ሁለተኛውን አልወሰድኩም።

ሌላም ነገር ነበር። ቅጹ የሚጠይቀው ኩፍኝን ብቻ አይደለም። ኩፍኝን፣ ጆሮ ደግፍንና ሩቤላን (የጀርመን ኩፍኝ የሚባለውን) በአንድ መርፌ የሚከላከለውን ክትባት ነው። ኤምኤምአር ይሉታል። በብዙ አገር ለሕፃናት የሚሰጠው ኩፍኝ ብቻውን፣ ወይም ኩፍኝና ሩቤላ ነው። ጆሮ ደግፉ የለበትም። ስለዚህ ካርዳችሁ ላይ «ኩፍኝ» የሚል ቃል አይታችሁ ብቻ አትረጋጉ። ምን ዓይነት ክትባት እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ እንደተሰጠ፣ በስንት ዓመታችሁ እንደተሰጠ እዩ።

እኔ የሚያስፈልገኝ ሁለት ዶዝ ነበር። በሁለቱ መካከል ቢያንስ 28 ቀን መሆን አለበት። ትምህርት ሊጀመር የቀረው 21 ቀን ነው። ይህን ቀን ገንዘብም ልመናም አያሳጥረውም። ሰውነት መከላከያውን የሚሠራበት ጊዜ ነው።

ያኔ አንድ ጓደኛዬ፣ ለእኔ አስባ፣ «ቀኑን ራስሽ ሙዪበት፤ ማን ያየዋል?» አለችኝ። አልወቅሳትም። ጭንቀቴን አይታ ነው። ግን አላደረግኩትም። የተጭበረበረ ሰነድ ማቅረብ ከትምህርት ቤት ሊያስባርር ይችላል። ከዚያ በላይ ግን ሰውነቴ ውስጥ የሌለ መከላከያ ወረቀት ላይ ቢኖር ምን ይጠቅመኛል? አብራኝ የምታድረውን ልጅስ ምን ይጠቅማታል?

ነርሷን «ምን ላድርግ?» ብዬ በቀጥታ ጠየቅኳት። መፍትሔ ነበረው። የመጀመሪያውን ዶዝ ወስጄ ማስረጃውንና የሁለተኛውን ቀጠሮ ብልክ በጊዜያዊነት ልመዘገብ እችላለሁ አለችኝ። በማግሥቱ ተከተብኩ። በሦስተኛው ቀን እገዳው ተነሳ። ሁሉም ትምህርት ቤት ይህን አይፈቅድም። የሚፈቅደውም ላልጠየቀው ላይነግረው ይችላል። ስለዚህ መልእክት ልካችሁ ብቻ አትጠብቁ፤ ደውሉ።

ካርዳቸው የጠፋባቸው ሰዎች ደግሞ ሌላ መንገድ አላቸው። የደም ምርመራ ነው። ደማችሁ ውስጥ ለኩፍኝ፣ ለጆሮ ደግፍና ለሩቤላ መከላከያ መኖሩን ያሳያል። ብዙ ትምህርት ቤቶች ይህን ውጤት በክትባት ማስረጃ ምትክ ይቀበላሉ። የእኔ ምክር እንዲህ ነው። ተከትባችሁ ወረቀቱ ብቻ ከጠፋ ደሙን ተመርመሩ። ጨርሶ እንዳልወሰዳችሁ የምታውቁ ከሆነ ግን ምርመራው ላይ ጊዜ አታጥፉ፤ ቀጥታ ተከተቡ። ቀድሞ መከላከያ ያለው ሰው በድጋሚ ቢከተብ ጉዳት የለውም።

ከክትባቱ በኋላ በ9ኛው ቀን ትንሽ አተኮሰኝ። ደረቴ ላይም ስስ ሽፍታ ወጣ። ደነገጥኩ። ለካ የሚጠበቅ ነው። የኤምኤምአር ትኩሳት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በማግሥቱ ሳይሆን ከሳምንት በኋላ ነው። በሁለት ቀን ለቀቀኝ። ፈተና ወይም ረጅም ጉዞ ካላችሁ ይህን አስቡበት።

አሁን ትልቁን ስህተቴን ልንገራችሁ። የቲቢ ምርመራው ነው።

ቅጹ የቲቢ ምርመራ ይጠይቅ ነበር። ብዙ ትምህርት ቤቶች ቲቢ በብዛት ከሚገኝባቸው አገሮች ለሚመጡ ወይም እዚያ ረዘም ላለ ጊዜ ለቆዩ ተማሪዎች ይህን ያዛሉ። እኔ ኤምኤምአር ከወሰድኩ ከሳምንት በኋላ ለምርመራው ሄድኩ። ነርሷ መርፌውን ከማዘጋጀቷ በፊት «ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ክትባት ወስደሻል?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። «እንግዲያውስ አይሆንም፤ 28 ቀን ይሙላሽ» ብላ መለሰችኝ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ኤምኤምአር የተዳከመ ግን ሕያው ቫይረስ ያለበት ክትባት ነው። ለተወሰነ ጊዜ ሰውነት ለቲቢ ምርመራ የሚሰጠውን ምላሽ ሊያደበዝዝ ይችላል። ቲቢው እያለ «የለም» የሚል ውጤት ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። ሁለቱ በአንድ ቀን ቢደረጉ ግን ችግር የለም። ወይ በአንድ ቀን፣ ወይ ከ4 ሳምንት በኋላ። ቲቢን በደም ለሚያየው ምርመራም የሚመከረው ይኸው ነው። መጀመሪያ በተከተብኩ ዕለት ሁለቱንም ብጠይቅ ኖሮ ያን ሁሉ ባልተጉላላሁ። በመጨረሻ በ28ኛው ቀን፣ አንድ ጠዋት ላይ፣ ከአንዱ ክንዴ ደም ተቀዳ፣ ሌላኛው ላይ ሁለተኛው ኤምኤምአር ተወጋ። ለቲቢው ማራዘሚያ በጽሑፍ ጠይቄ ነበር። ፈቀዱልኝ።

የቲቢ ምርመራ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የቆዳ ነው። ክንድ ላይ ቆዳ ውስጥ ትንሽ ፈሳሽ ይወጋና ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ተመልሳችሁ ታሳያላችሁ። ሐሙስ ቀን አትወጉ። የሚነበበው ቅዳሜና እሁድ ላይ ይውልና ክሊኒኩ ዝግ ይሆናል። ካለፈ ደግሞ እንደገና ነው። ሁለተኛው የደም ምርመራ ነው። አንዴ ደም ትሰጣላችሁ፣ ለንባብ መመለስ የለም።

በሕፃንነታችሁ ቢሲጂ የሚባለውን የቲቢ ክትባት ወስዳችሁ ከሆነ የደሙን ጠይቁ። ክንዳችሁ ላይ ትንሽ ክብ ጠባሳ ካለ ምናልባት እሱ ነው። ቢሲጂ የቆዳውን ምርመራ ያለ ቲቢም ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላል። የደሙን ግን አያሳስተውም።

የዶርሜ ልጅ ይህን የሚነግራት አላገኘችም። የቆዳውን አደረገች። በሁለተኛው ቀን ክንዷ ላይ ቀይ እብጠት ወጣ። ነርሷ ዓይኗን ከድና በጣቷ ጫፍ ዳበሰችው። ቅላቱን አይደለም የሚለኩት፤ የሚዳሰሰውን ጠንካራ እብጠት ነው። በትንሽ ማስመሪያ ለካችና 12 ሚሊ ሜትር ብላ ጻፈች። ለእሷ ፖዘቲቭ ነው ተባለ። ልጅቷ ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ አደረች። ወደ አገሬ ይመልሱኛል ብላ ነበር። በማግሥቱ ደም ተመረመረች፤ ውጤቱ ነጻ ሆነ። ደረቷንም በራጅ አዩላት፤ ምንም የለም።

ፖዘቲቭ ቢሆንስ? ፖዘቲቭ ማለት ታማችኋል ማለት አይደለም። ተውሳኩ ሰውነት ውስጥ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። የተኛ ቲቢ ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም። ወደፊት እንዳይነሳ የሚያደርግ መድኃኒትም አለው። ራጅ ትነሳላችሁ፣ ሐኪም ያናግራችኋል፣ ትምህርታችሁን ትቀጥላላችሁ። ፈርቶ ከምርመራ መሸሽ ነው የሚጎዳው።

የማጅራት ገትሩ ክትባት ላይ ትንሽ ልቆይ። ከሁሉም በላይ ልቤን የነካው እሱ ነው።

ቅጹ ላይ ሳየው አንድ ተጨማሪ ሳጥን መስሎኝ ነበር። የጤና ማዕከሉ ነርስ ግን ስታስረዳን ድምፅዋ ተለወጠ። የማጅራት ገትር ባክቴሪያ ከ10 ሰው በአንዱ ጉሮሮ ውስጥ ምንም ሳያሳምም ሊገኝ ይችላል። በምራቅና በቅርብ ትንፋሽ ይተላለፋል። ዶርም ማለት ደግሞ መቀራረብ ነው። አንድ ኮዳ ለሦስት፣ አንድ ክፍል ለአራት። በዶርም የሚኖሩ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ከሌሎች እኩዮቻቸው የበለጠ የተጋለጡት ለዚህ ነው። በሽታው አይጠብቅም። ጠዋት ጉንፋን የመሰለው ነገር ማታ ሊገድል ይችላል። ታክመውም ከ100 ታማሚ ከ10 እስከ 15 የሚሆኑት ይሞታሉ። ከተረፉትም መስማት የሚሳናቸው፣ እጅ እግራቸውን የሚያጡ አሉ።

አራቱን ዝርያዎች ማለትም ኤ፣ ሲ፣ ደብልዩና ዋይን የሚከላከለው ክትባት ነው ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው። 16 ዓመት ከሞላ በኋላ የተወሰደ ቢያንስ አንድ ዶዝ ይፈለጋል። ከወሰዳችሁ 5 ዓመት ካለፈ ይደገማል፤ ኃይሉ እየቀነሰ ስለሚሄድ። የቢ ዝርያ ክትባት ብዙ ጊዜ ለብቻው ነው፤ ቅጹ ባይጠይቀውም ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ከተከተባችሁም በኋላ ምልክቶቹን እወቁ። ድንገተኛ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ አንገት አልታጠፍ ማለት፣ ብርሃን ዓይን መውጋት፣ ማስመለስ፣ መዘባረቅ። ቆዳ ላይ ሐምራዊ ነጠብጣብ ከወጣና ብርጭቆ ሲጫኑበት የማይጠፋ ከሆነ ደግሞ አንድ ደቂቃ አትጠብቁ። የዶርም ጓደኛችሁ «ልተኛበት፣ ይለቀኛል» ብትልም እንዳትሰሟት። ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። የመንጋጋ ቆልፍ፣ የዲፍቴሪያና የትክትክ ማጠናከሪያ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ የተወሰደ መሆን አለበት። በሕፃንነት የወሰዳችሁት ለዚህ አይበቃም። ትክትክን ያካተተ መሆኑንም አረጋግጡ፤ የመንጋጋ ቆልፍና የዲፍቴሪያ ብቻ የሆነ ማጠናከሪያም አለ። ቺክንፖክስ፣ ብዙ ሰው ጉድፍ የሚለው፣ ሁለት ዶዝ ነው፤ በመካከሉ 28 ቀን። ታማችሁ ካለፋችሁ ወይ የሐኪም ማስረጃ ወይ የደም ምርመራ ይፈለጋል፤ «እናቴ ነግራኛለች» አይበቃም። እሱም እንደ ኤምኤምአር ሕያው ክትባት ነው። ሁለቱን ወይ በአንድ ቀን ውሰዱ፣ ወይ በ28 ቀን አራርቁ።

የጉበት በሽታው ሄፓታይተስ ቢ ግን ብዙ ተማሪ የሚጠመድበት ነው። የተለመደው አሰጣጥ ሦስት ዶዝ ነው። ዛሬ አንድ፣ ከአንድ ወር በኋላ ሁለተኛው፣ ከመጀመሪያው 6 ወር ሲሆነው ሦስተኛው። ስድስት ወር! ይህን በመጨረሻው ሳምንት የሚደርስበት የለም። በመካከል ካቋረጣችሁ ግን እንደ አዲስ መጀመር የለባችሁም፤ ካቆማችሁበት ትቀጥላላችሁ። ሕክምና፣ ነርሲንግ ወይም ላቦራቶሪ የምትማሩ ከሆነ መስፈርቱ ይጠብቃል። ከመጨረሻው ዶዝ ከአንድ እስከ ሁለት ወር በኋላ መከላከያ መፈጠሩን በደም ምርመራ ማሳየት ይጠበቅባችኋል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚባለው እዚህ ላይ በደንብ ይገባል። የመግቢያ ደብዳቤው በደረሰ ሳምንት፣ ከተቻለም ስታመለክቱ፣ ጀምሩት።

ክትባት የማይሆናቸው ሰዎችም አሉ። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት የሚወስድ ወይም እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ሰው ሕያው ክትባት አይወስድም። ለክትባቱ ይዘት ከባድ አለርጂ ያለበትም እንደዚሁ። ከሐኪም ደብዳቤ አምጥቶ ከግዴታው ነጻ መሆን ይቻላል። ስለዚህ ከመከተባችሁ በፊት ሁኔታችሁን ሳትደብቁ ንገሩ። ከመርፌው በኋላም 15 ደቂቃ ተቀመጡ። እኔ እያየሁ አንድ ረጅም ልጅ ተከትቦ ወዲያው ሲነሳ ራሱን ስቶ ወድቋል።

የወረቀቱ አሞላል ራሱ ብዙ ሰው ያሰናክላል። ቀን ስትጽፉ ወሩን በፊደል ጻፉት። 03/07 ለአንዱ መጋቢት፣ ለሌላው ሐምሌ ነው። በዚህ ምክንያት ሁለተኛው ዶዙ ከመጀመሪያው በፊት የተሰጠ መስሎ የተመለሰበት ልጅ አውቃለሁ። ስማችሁ ካርዱ ላይና ፓስፖርታችሁ ላይ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ካልሆነ አስቀድማችሁ አሳውቁ። ማኅተምና ፊርማ መኖሩን እዩ። ካርዱ በሌላ ቋንቋ ከሆነ አስተርጉሙት። ኦሪጅናሉን በፖስታ አትላኩ። ፎቶውን በቀን ብርሃን፣ አራቱም ጠርዝ እንዲታይ አድርጋችሁ አንሱ። ፋይሉን መጫን ብቻም አይበቃም። አንዳንዱ ፖርታል ቀኖቹን አንድ በአንድ በእጅ እንድታስገቡ ይፈልጋል። እኔ መጀመሪያ ከቀረብኝ ነገር አንዱ ይህ ነበር።

በሁለተኛው ሴሚስተር አንድ ማለዳ ለሁላችን መልእክት ደረሰ። ኩፍኝ የያዘው ተማሪ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሰዓታት አሳልፎ ነበር። ኩፍኝ የያዘው ሰው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ ቫይረሱ እስከ 2 ሰዓት አየር ላይ ሊቆይ ይችላል። መከላከያ ከሌላቸውና አጠገቡ ከነበሩ 10 ሰዎች እስከ 9ኙ ይያዛሉ። ጤና ማዕከሉ ዝርዝሩን አወጣ። ማስረጃ የሌላቸው ለ21 ቀን ግቢ እንዳይገቡ ተነገራቸው። የአጋማሽ ፈተና ሳምንት ነበር። እኔ በዚያን ቀን እዚያው ቤተ መጻሕፍት፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነበርኩ። ስሜን አዩ። ሁለት ዶዝ፣ ሁለት ቀን፣ ሁለት ፊርማ። «አንቺ ክፍል ግቢ» አሉኝ። ሁለቱ ዶዝ ኩፍኝን የመከላከል አቅሙ 97 በመቶ ገደማ ነው። ወደ ክፍል ስሄድ ያቺ «ቀኑን ራስሽ ሙዪበት» ያለችኝ ጓደኛዬ ትዝ አለችኝ። ማታ ደወልኩላት። እሷም በማግሥቱ ሄዳ ተከተበች።

ዘንድሮ ታናሽ ወንድሜ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ባለፈው ሳምንት እማዬ የእሱን ካርድ በስልክ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ኩፍኝ፣ 9 ወር። ቀጥሎ ያለው ሳጥን የእሱም ባዶ ነው። ትምህርት ሊጀምር ገና 10 ወር አለው። ሰኞ የመጀመሪያውን ኤምኤምአርና የመጀመሪያውን ሄፓታይተስ ቢ በአንድ ቀን ይወስዳል። የቲቢውን ደም በዚያው ዕለት እንዲቀዱለት እንዳይረሳ እሁድ ማታ እደውልለታለሁ።